ስም ያልወጣለት ትኩሳት፤ የሞኖኑክሊዮሲስ ብርቱ ጠንቆችና የሕክምናቸው ታሪክ ከጎጃም ደጋ አንጻር

መግቢያ

በጎጃም ደጋ፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ እስከ ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉ መንደሮች፣ ጉሮሮው ያበጠና መዋጥ ያቃተው ሕፃን ሲታይ በቤተሰቡ ዘንድ ሲነገር የኖረው ቃል «እንጥሉ ወርዷል» የሚል ነው። ትኩሳት ያደከመው ወጣት ከሆነ «ተስቦ ነው» ይባላል፤ ትኩሳቱ ለቆት ሰንብቶ ከተመለሰ «ግርሻ» ነው፤ ወደ አባይ በረሃ ወርዶ የመጣ እንደሆነ ደግሞ «ንዳድ» ነው። አንገቱ ሥር እጢ ካበጠበት የነቀርሳ ጥርጣሬ ይከተላል። እነዚህ ስሞች ከንቱ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው በአካባቢው በእርግጥ የሚገኝና ብዙ ሰው የጎዳ በሽታ መጠሪያ ናቸው። ሆኖም ስም ሕክምናን ይመራል። እንጥሉ ወረደ የተባለው ሕፃን ወደ ቆራጩ ይወሰዳል፤ ንዳድ የተባለው ወጣት የወባ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ተስቦ ለተባለው አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል።

በእነዚህ ስሞች መካከል ጉሮሮን፣ የአንገት እጢን፣ ትኩሳትንና ጣፊያን በአንድነት የሚይዝ፣ ነገር ግን በአገሬው አንደበት የራሱ ስም ያልወጣለት ሕመም አለ። ይኸውም በሕክምናው ዓለም ኢንፌክሺየስ ሞኖኑክሊዮሲስ፣ በቀድሞ አጠራሩ «የእጢ ትኩሳት» የሚባለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያለ መድኃኒት ይድናል። ከሕሙማኑ ጥቂቶቹ ግን የመተንፈሻ መንገዳቸው ይዘጋል፤ ጣፊያቸው ይፈነዳል፤ ደማቸው ይረክሳል፤ ወይም ነርቫቸው ይጠቃል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የበሽታውን ብርቱ ጠንቆችና የሕክምናቸውን ታሪክ በአጭሩ መቃኘት፣ ታሪኩም በጎጃም ደጋ ለሚሠራ የጤና ባለሙያ ምን እንደሚያስተምር ማመልከት ነው። ታሪኩ ሲመረመር አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፤ በዚህ በሽታ ከደረሰው ጉዳት ቀላል የማይባለው ክፍል የመጣው ከበሽታው ሳይሆን ካለ ቦታው ከተሰነዘረ የሕክምና እጅ ነው።

በሌሎች በሽታዎች ጥላ ሥር

የጎጃም የትኩሳት ታሪክ ከጦርነት፣ ከረሃብና ከመፈናቀል ታሪክ ተነጥሎ አይታይም። በጥር 1880 ዓ.ም. የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሠራዊት በሳር ውኃ በደርቡሾች ከተሸነፈ በኋላ አገሩ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመቻ፣ ቀጥሎም «ክፉ ቀን» የተባለውን ታላቅ ረሃብ አስተናግዷል። በክፉ ቀን ዘመን ፈንጣጣ፣ ተስቦና ኮሌራ ረሃቡን ተከትለው በመላ አገሪቱ ተዛምተዋል። በ1911 ዓ.ም. ደግሞ የኅዳር በሽታ መጣ። እንዲህ ባለ ዘመን ሁለት ሳምንት አተኩሶ በራሱ የሚድን የጉሮሮ ሕመም ማንም ቆም ብሎ ስም ሊያወጣለት የሚችል ነገር አልነበረም።

የደጋው ብርድም የራሱን በሽታ ያመጣል። ልብስ በማይቀየርበትና ሰው ተጠጋግቶ በሚያድርበት ቦታ ቅማል ይበዛል፤ ቅማልም ተስቦንና ግርሻን ያስተላልፋል። እ.ኤ.አ. በ1970 በብራይሰን፣ በፓሪ፣ በፔሪንና በባልደረቦቻቸው የታተመው በኢትዮጵያ የ62 የግርሻ ሕሙማን ጥናት ይህን በሽታ በዝርዝር ካቀረቡት ሥራዎች ዋነኛው ነው። የግርሻ ሕመምተኛ ያተኩሳል፤ ጉበቱና ጣፊያው ያብጣል፤ ይደማል፤ አልፎ አልፎም ጣፊያው ይፈነዳል። ስለዚህ በደጋው ትኩሳትና ያበጠ ጣፊያ ያለው ወጣት ሲመጣ ግርሻን ማሰብ ትክክለኛ የሕክምና ልማድ ነው።

ወባም እንዲሁ። ወባ የቆላ በሽታ ነው ቢባልም እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሣው ወረርሽኝ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባሉ የኢትዮጵያ ከፍታዎች ተስፋፍቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ተገምቷል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ያበጠ ጣፊያ ለወባ ቢሰጥ አያስደንቅም። ይሁንና ለአንድ ምልክት አንድ ስም ብቻ ማወቅ ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም ወረዳ የታወቀው የካላዛር ወረርሽኝ ለዚህ ቅርብ ምስክር ነው። ካላዛር በዚያ ደጋ ይገኛል ተብሎ ስላልታሰበ፣ ትኩሳትና ትልቅ ጣፊያ ይዘው የመጡ ሕሙማን ሕመማቸው እስኪለይ ብዙ ጊዜ አልፏል።

እንጥልና ስለት

በአገር ባህል ሕክምና ለጉሮሮ ሕመም የተሰጠው መልስ በአመዛኙ የእጅ ሥራ ነው። እንጥል ያብጣል፣ ይረዝማል፣ ወርዶም ጉሮሮን ዘግቶ ሕፃኑን ያንቃል ተብሎ ስለሚታመን በስለት ወይም በሸምቀቆ ይቆረጣል። ቶንሲል ደግሞ በጣት ጥፍር ይቧጠጣል ወይም እንዲፈርጥ ይደረጋል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው የኢትዮጵያ የሕክምና ታሪክ መግቢያ መጽሐፍ ለባህላዊው የቀዶ ሕክምና ሰፊ ቦታ ሰጥቷል።

ይህን ልማድ በድንቁርና ብቻ መፈረጅ ታሪኩን አያስረዳም። ልማዱ የተመሠረተው በእውነተኛ ፍርሃት ላይ ነው። ጉሮሮ አብጦ ሰው ይሞታል፤ በዘጊ አንዳ፣ በቶንሲል አካባቢ በሚቋጠር መግል፣ በሞኖኑክሊዮሲስም ይህ ሲደርስ ታይቷል። ወላጆች ያዩት አደጋ እውነት ነበር፤ የተሳሳተው ምክንያቱና መድኃኒቱ ነው። እንጥል የበሽታው ምንጭ ሳይሆን ከአካባቢው ጋር አብሮ ያበጠ የአካል ክፍል ነው። ከተቆረጠ በኋላ ብዙዎች መዳናቸውም ስለቱን አያስመሰግንም፤ አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ሳይነካም ይድናልና። የማይድነው ቁስሉ ነው፤ መድማት፣ ማመርቀዝ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ባልጸዳ ስለትም የሚተላለፉ በሽታዎች ይከተላሉ።

በተለይ በሞኖኑክሊዮሲስ ጊዜ ስለቱ እጥፍ አደጋ አለው። በሽታው የደም ፕሌትሌትን ሊቀንስ ስለሚችል ቁስሉ በቀላሉ አይረጋም። ጉሮሮው ቀድሞውኑ ያበጠ በመሆኑም የሚፈሰው ደም ወደ መተንፈሻው ይወርዳል። መተንፈሻን ለማዳን የታሰበው ቆረጣ መተንፈሻውን የሚዘጋ ይሆናል ማለት ነው።

በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያሠለጠናቸው የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች በየጠቅላይ ግዛቱ ሲሰማሩ ካገኟቸው ልማዶች አንዱ ይኸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ልማዱ ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ተርታ ተመድቦ ትምህርት ሲሰጥበት ቆይቷል፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በሕፃናት ላይ የሚፈጸሙ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን በወንጀልነት ደንግጓል። ይሁን እንጂ ሕግ እጅን ይከለክላል እንጂ ፍርሃትን አያስወግድም። «አትቁረጡ» የተባለ ወላጅ «ታዲያ ቢታነቅስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህን ጥያቄ መመለስ የሚገባው የጤና ባለሙያው ነው።

በሽታው ስም ያገኘበት መንገድ

በውጭው ዓለምም በሽታው ስሙን ያገኘው በአንድ ጊዜ አይደለም። ሩሲያዊው የሕፃናት ሐኪም ኒል ፊላቶቭ እ.ኤ.አ. በ1885፣ ጀርመናዊው ኤሚል ፋይፈር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1889 ትኩሳትና የአንገት እጢ እብጠት የሚታይበትን ሕመም ገለጹ፤ «የእጢ ትኩሳት» የሚለው መጠሪያ ከፋይፈር የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 በአሜሪካ ስፕራንትና ኢቫንስ በስድስት ወጣቶች ደም ውስጥ ለየት ያሉ ሊምፎሳይቶች መብዛታቸውን አስተውለው «ኢንፌክሺየስ ሞኖኑክሊዮሲስ» አሉት። እ.ኤ.አ. በ1932 ፖልና ባኔል የሕሙማኑ ሴረም የበግ ቀይ የደም ሕዋሳትን እንደሚያጣብቅ አሳዩ። ዛሬ በፈጣን ኪት የሚሠራው ምርመራ የዚህ ግኝት ልጅ ነው።

የበሽታው መንስኤ የተገኘው ግን በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ነው። በካምፓላ የሚሠራው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዴኒስ በርኪት እ.ኤ.አ. በ1958 የሕፃናትን መንጋጋ የሚያሳብጥ ዕጢ ገለጸ፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ ከኡጋንዳ እስከ ደቡብ አፍሪካ በመኪና ተጉዞ ዕጢው የት እንደሚገኝና የት እንደማይገኝ መረመረ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር በለንደን የሰጠውን ንግግር ያደመጠው አንቶኒ ኤፕስታይን ነገሩ ቫይረስ ሊሆን ይችላል ብሎ ተነሣ። ከካምፓላ በአውሮፕላን የተላከለትን ናሙና ከትሪኒዳድ ተወላጁ በርት አቾንግና ከኢቮን ባር ጋር መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1964 አዲስ ቫይረስ መገኘቱን አሳወቁ።

ይህ ቫይረስ ከሞኖኑክሊዮሲስ ጋር የተገናኘው በአጋጣሚ ነበር። በፊላደልፊያ በቨርነርና በገርትሩድ ሄንለ ቤተ ሙከራ የምትሠራ አንዲት ሠራተኛ ቀድሞ በደሟ ውስጥ የቫይረሱ ፀረ አካል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1967 በሞኖኑክሊዮሲስ ታመመች፤ ስትድን ፀረ አካሉ ተገኘባት። በዬል ዩኒቨርሲቲ አስቀድሞ ተቀምጦ የነበረ የተማሪዎች ሴረም ሲመረመርም ይኸው ተረጋገጠና እ.ኤ.አ. በ1968 ውጤቱ ታተመ። የኡጋንዳ ሕፃናት ዕጢና የአሜሪካ ተማሪዎች የጉሮሮ ሕመም ከአንድ ቫይረስ ጋር የተያያዙ መሆናቸው ታወቀ።

ደጋ፣ ቆላና የዕድሜ ነገር

የበርኪት ጉዞ ለጎጃም ሰው የሚነግረው ነገር አለ። ዕጢው በምድር ወገብ አካባቢ ከ1,500 ሜትር ገደማ በላይ ባለ ደጋ አይገኝም ማለት ይቻላል። ቫይረሱ በደጋም በቆላም አለ፤ የሚለያየው አብሮት የሚገኘው ነገር፣ በተለይም ተደጋጋሚ ወባ መሆኑ በኋላ ታወቀ። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ወደ ደጀን ተጉዞ የአባይን በረሃ የሚወርድ ሰው ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከደጋ ወደ ቆላ ይገባል። አንዱ ቫይረስ በሁለቱ ምድር ሁለት መልክ ሊኖረው ይችላል።

ሁለተኛው ቁም ነገር ዕድሜ ነው። ኤፕስታይን ባር ቫይረስ በምራቅ ይተላለፋል፤ በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት ተይዘውበታል። እናት ለልጇ አኝካ በምታጎርስበት፣ ከአንድ ዕቃ በሚጠጣበትና ብዙ ልጆች አብረው በሚያድሩበት ቤት ልጁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይያዛል፤ ያን ጊዜ ምልክቱ እምብዛም አይታይም፤ ቢታይም ከተራ ጉንፋን አይለይም። ሞኖኑክሊዮሲስ በሙሉ መልኩ የሚታየው ቫይረሱ በጉርምስናና በወጣትነት ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ነው። በሽታው በጎጃም ገጠር እምብዛም ያልተለየበት አንደኛው ምክንያት ይህ እንደሆነ መገመት ይቻላል።

ነገር ግን ኑሮ ይለወጣል። የቤተሰብ ቁጥር ሲያንስ፣ ልጆች በየራሳቸው አልጋ ሲተኙና የውኃና የንጽሕና አቅርቦት ሲሻሻል የመጀመሪያው መያዣ ዕድሜ ወደ ላይ ከፍ ይላል። ይህ በሌሎች አገሮች የታየ ሂደት ነው። ከየወረዳው ተውጣጥተው በዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤቶች የሚያድሩ ወጣቶችና በአብነት ትምህርት ቤት ጎጆ አብረው የሚኖሩ ተማሪዎች ዕድሜያቸው በሽታው ከሚታይበት ዕድሜ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ዛሬ ብርቅ የመሰለው በሽታ ነገ ላይሆን ይችላል።

ጉሮሮ ሲዘጋ

የመተንፈሻ መዘጋት ከሕሙማኑ ጥቂቶቹን ብቻ የሚያገኝ ቢሆንም ጊዜ የማይሰጥ ጠንቅ ነው። ቶንሲሎች እስከ መነካካት ያብጣሉ፤ ሕመምተኛው ምራቁን መዋጥ ያቅተዋል፤ ድምፁ ይታፈናል፤ ሲተኛ ይብስበታል፤ በመጨረሻም ወደ ውስጥ ሲስብ ድምፅ ይሰማል።

የቀድሞው ዘመን ሐኪሞች የነበራቸው አማራጭ ጉሮሮን ከፊት ቀዶ ቱቦ ማስገባት ወይም ያበጠውን ቶንሲል በአስቸኳይ ማውጣት ነበር። ኮርቲዞን እ.ኤ.አ. በ1948 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ከተሰጠ በኋላ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስቴሮይድ ለዚህ በሽታም መሞከር ጀመረ። በብዙ ሕሙማን እብጠቱ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ስለሚቀንስ መተንፈሻ ሊዘጋ ሲቃረብ ስቴሮይድ መስጠት እስከ ዛሬ የተለመደ ሕክምና ሆኖ ቆይቷል።

ከዚህ ጋር ሕመምተኛውን ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ ኦክስጅን መስጠት፣ በደም ሥር ፈሳሽ መተካትና የኦክስጅን መጠኑን ዘወትር መከታተል ያስፈልጋል። ሕመምተኛውን ለምርመራ ሲሉ በግድ ማስተኛት ወይም ምላሱን በኃይል መጫን ያልተዘጋውን ሊዘጋው ይችላል። ቱቦ የማስገባት ወይም ጉሮሮ የመቅደድ ውሳኔ ሊዘገይ አይገባም፤ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል የሚላክ ከሆነም መንገድ ከመጀመሩ በፊት መተንፈሻው አስተማማኝ መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

ዘጊ አንዳ መዘንጋት የለበትም። ክትባት ያልተሟላለት ልጅ ጉሮሮው ላይ ሲነኩት የሚደማ ግራጫ ሽፋን ካለው፣ ሞኖኑክሊዮሲስ ነው ብሎ መቀመጥ ገዳይ ስሕተት ነው።

ጣፊያ ሲፈነዳ

የጣፊያ መፈንዳት ከ1,000 ሕሙማን ከ1 እስከ 5 የሚሆኑትን ያጠቃል ተብሎ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የ85 ሕሙማን ዘገባዎች ግምገማ እንዳሳየው አማካይ ዕድሜያቸው 22 ዓመት፣ አብዛኞቹም ወንዶች ነበሩ። ፍንዳታው ሕመሙ ከጀመረ በአማካይ በ14ኛው ቀን፣ አልፎ አልፎም እስከ 8 ሳምንት ዘግይቶ ደርሷል። አስቀድሞ መመታት የተመዘገበው ከመቶ በ14ቱ ብቻ ነው። ከመቶ 9 ያህሉ ሞተዋል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ጣፊያው የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ ጉሮሮው ተሽሎት ሰውየው «ድኛለሁ» ሲል መሆኑ ነው።

አንድ የ20 ዓመት ገበሬ ይታሰብ። ሁለት ሳምንት አተኩሶት ተሽሎታል፤ አዝመራ ደርሶ ነዶ ሊሸከም ይወጣል። በድንገት በግራ ጎኑ ሕመም ይሰማዋል፤ ሕመሙ እስከ ግራ ትከሻው ይዘልቃል፤ ያልበዋል፤ ዓይኑ ይጨልማል። ከጤና ጣቢያ ሲደርስ የደም ግፊቱ ወርዷል። የሁለት ሳምንቱ ትኩሳት «ተስቦ ነበር» ተብሎ ካለፈ ጣፊያውን የሚያስብ አይኖርም። ከደብረ ማርቆስ እስከ አዲስ አበባ ያለው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ ከነአባይ ቁልቁለቱና ዳገቱ፣ እየደማ ላለ ሰው እጅግ ረጅም ነው። ስለዚህ ሁለት ሰፊ የደም ሥር መስመር መክፈት፣ ደም ማዘጋጀትና ቀዶ ሕክምና ወደሚሠራበት ቅርብ ሆስፒታል ማድረስ ከሁሉ ይቀድማል።

ለረጅም ዘመን የፈነዳ ጣፊያ ሕክምና ጣፊያን ማውጣት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ኪንግና ሹማከር ጣፊያቸው የወጣላቸው ሕፃናት ለከባድ ኢንፌክሽን እንደሚጋለጡ አሳወቁ። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ ኡፓድያያና ሲምሰን ከቶሮንቶ፣ ጣፊያቸው በአደጋ የተጎዳ ሕፃናት አንዳንዶቹ ያለ ቀዶ ሕክምና ሊድኑ እንደሚችሉ አመለከቱ። ዛሬ የደም ዝውውሩ የተረጋጋ ሕመምተኛ በቅርብ እየታየ ያለ ቀዶ ሕክምና ሊጠበቅ ይችላል፤ ከ85ቱም ከመቶ 32ቱ በዚህ መንገድ ድነዋል። ነገር ግን ይህ የሚቻለው በየሰዓቱ የሚከታተል ባለሙያ፣ አልትራሳውንድ፣ ደምና ዝግጁ የቀዶ ሕክምና ክፍል ባለበት ነው። እነዚህ በሌሉበት መጠበቅ ትዕግሥት ሳይሆን ቸልተኝነት ይሆናል።

ጣፊያው የወጣለት ሰው ታሪክም ከሆስፒታል ሲወጣ አያበቃም። የኒሞኮከስና የሌሎቹ ክትባቶች ያስፈልጉታል፤ ትኩሳት በተሰማው ሰዓት ሳይውል ሳያድር መታከም እንዳለበት ሊነገረው ይገባል። ከጎጃም ደጋ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ የሚወርዱ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ጣፊያ የሌለው ሰው በዚያ ወባ ቢይዘው ሊጸናበት ስለሚችል ይህ ምክር በካርዱ ላይ ጭምር መጻፍ አለበት።

ጣፊያን በእጅ መመርመርም ልከኝነት ይፈልጋል። አንድ ባለሙያ በለስላሳ እጅ ካረጋገጠ ተማሪና ባልደረባ ሁሉ ተራ በተራ እንዲጫነው ማድረግ አይገባም። ሕመምተኛው ቢያንስ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ከከባድ ሸክም፣ ከትግልና ከኳስ ጨዋታ መታቀብ ይኖርበታል።

ደምና ነርቭ

በሽታው የሰውነትን መከላከያ በራሱ በሰውነት ላይ ሊያስነሣ ይችላል። ቀይ የደም ሕዋሳት ይፈራርሳሉ፤ ፕሌትሌት ይወርዳል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ቀላል ሆነው ያልፋሉ፤ ከበረቱ ግን ስቴሮይድ የሚሰጥባቸው ጠንቆች ናቸው። የአንጎል መቆጣት፣ የማጅራት ገትር መሰል ሕመም፣ የፊት መጣመምና ከእግር የሚጀምር ሽባነት ከነርቭ ጠንቆቹ ይቆጠራሉ። አብዛኞቹ ሕሙማን ቢድኑም፣ ሽባነቱ ወደ ደረት ሲወጣ የመተንፈስ ድጋፍ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከፋው የመከላከያ ሕዋሳት ከቁጥጥር ውጭ ሆነው የደም ሕዋሳትን የሚውጡበት ሁኔታ ነው። ትኩሳቱ አይለቅም፤ ጉበትና ጣፊያ ያድጋሉ፤ ሁሉም የደም ሕዋሳት ይወርዳሉ፤ ፌሪቲን እጅግ ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1975 ፐርቲሎና ባልደረቦቹ በአንድ ቤተሰብ ወንዶች ልጆች ላይ ሞኖኑክሊዮሲስ ገዳይ የሚሆንበትን የውርስ ችግር መግለጻቸው ይህን መስክ ከፍቷል። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ዴክሳሜታዞንና ኢቶፖሳይድ በአንድነት መሰጠታቸው ቀድሞ ተስፋ ያልነበራቸውን ሕሙማን ማዳን አስችሏል። ይህ በከፍተኛ ሆስፒታል የሚሰጥ ሕክምና ነው፤ የወረዳው ባለሙያ ድርሻ ከሁለት ሳምንት በላይ ያልለቀቀ ትኩሳትንና የወረደ የደም ቁጥርን አይቶ ሳይዘገይ መላክ ነው።

መድኃኒት ሲጎዳ

እ.ኤ.አ. በ1967 በብሪታንያ የታተሙ ዘገባዎች አምፒሲሊን የወሰዱ የሞኖኑክሊዮሲስ ሕሙማን አብዛኞቹ ሰውነታቸውን ሽፍታ እንደሚያለብሳቸው አሳዩ። የኋላ ጥናቶች ቁጥሩን ዝቅ አድርገው ከሦስት አንድ ያህል ቢያደርሱትም ትምህርቱ አልተለወጠም፤ ለጉሮሮ ሕመም ሁሉ አሞክሲሲሊን መስጠት ዋጋ አለው። ሽፍታው ብዙ ጊዜ እውነተኛ የፔኒሲሊን አለርጂ አይደለም፤ በካርዱ ላይ «አለርጂ» ተብሎ ከተጻፈ ግን ሕመምተኛው ዕድሜውን ሙሉ ጥሩ መድኃኒት ይነፈጋል። በአንጻሩ በስትሬፕቶኮከስ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም የልብ በሽታ ስለሚያስከትል ሲጠረጠር በፔኒሲሊን መታከም አለበት። ሥራው መለየት ነው።

አሲክሎቪር በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በምራቅ የሚወጣውን ቫይረስ ይቀንሳል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1999 አምስት ጥናቶችንና 339 ሕሙማንን ያጠቃለለው ትንተና ሕመሙን እንደማያሳጥር አረጋግጧል። ስቴሮይድም ለተራ የጉሮሮ ሕመም ማስታገሻነት በቂ ማስረጃ እንደሌለው እ.ኤ.አ. በ2015 የታደሰው የኮክሬን ግምገማ ይመሰክራል። በጎጃም ደጋ ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለ። የአንገት እጢው የነቀርሳ ቢሆን ስቴሮይዱ በሽታውን ያቀጣጥላል፤ የሊምፎማ ቢሆን ምልክቱን ደብቆ ምርመራውን ያዘገያል። ስለዚህ ስቴሮይድ ለሚዘጋ መተንፈሻ፣ ለበረታ የደም መፈራረስና ለመሳሰሉት ጠንቆች ብቻ ሊቆጠብ ይገባል።

አዲስ የኤችአይቪ መያዝም ሞኖኑክሊዮሲስን መስሎ ሊመጣ እንደሚችል ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የእጢ እብጠትና ሽፍታ ያለበት ወጣት የኤችአይቪ ምርመራ ሳይደረግለት መሸኘት የለበትም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውጤቱ ነጻ ሊመስል ስለሚችልም ቀጠሮ ተይዞለት ይደገማል።

ማጠቃለያ

በጎጃም ጤና ጣቢያዎች ለወባና ለግርሻ ሲባል በየቀኑ የደም ስላይድ ይዘጋጃል። ተመርማሪው ፕላዝሞዲየምም ቦሬሊያም ሲያጣ «ምንም የለም» ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን በዚያው ስላይድ፣ በስሱ በኩል፣ ሊምፎሳይቶቹ ከግማሽ በላይ ሆነው፣ ከነጭ የደም ሕዋሳቱም ከአሥር አንዱ ቅርጹ የተለወጠ ትልቅ ሊምፎሳይት ሆኖ ሊታይ ይችላል። ስም ያልወጣለት ትኩሳት ስሙን የሚያገኘው እዚያ ላይ ነው። ለዚህ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ጥገኛው ሲታጣ ማይክሮስኮፑን ሳያጠፉ አንድ ደቂቃ መቆየት ነው። ፈጣኑ ምርመራ ባለበትም ቢሆን በመጀመሪያው ሳምንትና በሕፃናት ላይ ሊስት እንደሚችል ማስታወስ ይገባል።

ስሙ ከታወቀ ቀሪው ሥራ በአመዛኙ እጅን መሰብሰብ ነው፤ አለመቁረጥ፣ አለመጫን፣ ያለ ምክንያት መድኃኒት አለማዘዝ። መጠበቅ ግን ዝም ብሎ መቀመጥ አይደለም። ሕፃኑ መዋጥ ሲያቅተው፣ ሲተነፍስ ድምፅ ሲያሰማ፣ ወጣቱ የግራ ጎኑን ሲያመው፣ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ሲያልፍ፣ ያን ጊዜ የተሰበሰበው እጅ ፈጥኖ መዘርጋት አለበት። እነዚህን ምልክቶች ለወላጅ አስረድቶ፣ መቼ ተመልሶ እንደሚመጣ ነግሮ የሸኘ ባለሙያ «ታዲያ ቢታነቅስ?» ለሚለው የቆየ ጥያቄ መልስ ሰጥቷል። ወላጅ የሚታመን መልስና የቀረበ በር ካገኘ ልጁን ይዞ ወደ ስለት የሚሄድበት ምክንያት አይኖረውም።